ውሻን ከክፉ የአበላል ልማድ ስለ ማስተው

ውሻ የሰው ልጅ ጥንታዊ ባልንጀራ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሌሊት ቤት ይጠብቃል፤ ከአዳኝ ጋር ዱር ይወርዳል፤ ከእረኛ ጋር ከብት ሲያግድ ይውላል። ነገር ግን ይኸው ታማኝ እንስሳ ባለቤቱን የሚያሳፍር አንድ ነውር አለበት፤ ይኸውም ያገኘውን ሁሉ መብላቱ ነው። በሜዳ የተጣለ የሰው ዓይነ ምድር፣ የሸተተ ጥንብ፣ በወንዝ ዳር የተዘረገፈ የዓሣ አንጀት፣ ከእርድ ቦታ የተወረወረ የታመመ ጉበት፣ ይህ ሁሉ ለእርሱ ማዕድ ነው። ባለቤቱም ይህን ባየ ጊዜ ወይ ፊቱን አዙሮ ያልፋል፤ ወይም ድንጋይ ያነሣል። ሁለቱም አይጠቅሙም።

በሌላ ስፍራ ይህ ነገር አስጸያፊ ከመባል አልፎ ብዙ አያነጋግር ይሆናል። በጋምቤላ አገር ግን ከአፍንጫና ከዓይን ጥላቻ የሚበልጥ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም በዚህ ክልል ውሻ የሚበላውና የሚጠጣው ነገር የጊኒ ትል፣ በተለምዶ ጊኒ ዎርም የሚባለው በሽታ፣ ከምድራችን ፈጽሞ እንዳይጠፋ ከሚያዘገዩት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ስለ ውሻ የተጻፈ ቢመስልም በእውነቱ የተጻፈው ስለ ሰው ጤና ነው።

ውሻ ርኵስ ነገር ስለ ምን ይበላል?

የበሽታውን ምክንያት ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እንደማይመሰገን ሁሉ፣ የልማዱን ምክንያት ሳያውቅ ውሻውን ለማረም የሚነሣ ሰውም ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ምክንያቶቹም በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛው ተፈጥሮ ነው። ውሻ ከጥንት ጀምሮ በሰው ሰፈር ዙሪያ ትራፊ እየለቀመ የኖረ እንስሳ ነው። የወለደች ውሻ ማደሪያዋ እንዳይቆሽሽ የቡችሎቿን ዓይነ ምድር እየላሰች ታጸዳለች፤ ቡችሎችም ያገኙትን ነገር ሁሉ የሚመረምሩት በአፋቸው ነው። ለእኛ ግማት የሆነውን ሽታ የእርሱ አፍንጫ የምግብ ምልክት አድርጎ ይተረጕመዋል። እንግዲህ ውሻ ይህን ሲያደርግ ባለቤቱን ለማስቈጣት አስቦ አይደለም።

ሁለተኛው ረኀብ ነው። በብዙ ቤት ውሻ ይያዛል እንጂ አይቀለብም። «ውሻ ራሱን ያኖራል» ተብሎ ይተዋል። ራሱን የሚያኖር ውሻ ደግሞ ሌላ ገበያ ስለሌለው ከሜዳ፣ ከወንዝ ዳርና ከቆሻሻ መጣያ ይበላል።

ሦስተኛው ልማድ ነው። አንድ ቀን በወንዝ ዳር የዓሣ አንጀት ያገኘ ውሻ በማግሥቱ ማንም ሳይመራው ወደዚያው ስፍራ ይሄዳል። እንደገና ያገኘ እንደ ሆነ መንገዱ በልቡ ይታተማል። «አመል ያወጣል ከመሐል» የሚለው ተረት ለሰው ብቻ አልተነገረም።

አራተኛው ሕመም ነው። በሆዱ ውስጥ ትላትል ያለበት ወይም የበላው ምግብ የማይስማማው ውሻ በቂ ምግብ እየተሰጠውም ሊከሳና ያገኘውን ሁሉ ሊጎርስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ውሻ ከማሠልጠን በፊት ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይገባል።

ከዚህ ልማድ የሚመጣ ጉዳት

ውሻ የሚበላቸው ርኵስ ነገሮች ጉዳታቸው አንድ ዓይነት ስላልሆነ ለየብቻቸው መመልከት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የሰው ዓይነ ምድር ነው። ውሻው ይህን በልቶ ወደ ቤት ሲመለስ በአፉና በጸጕሩ ላይ የቀረውን ቆሻሻ ተሸክሞ ይገባል። ሕፃኑ ያቅፈዋል፤ ውሻውም የሕፃኑን እጅና ፊት ይልሳል። ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች ወደ ሕፃኑ አፍ የሚገቡበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። እዚህ ላይ ግን ፍርዱን በትክክል መስጠት አለብን፤ ዓይነ ምድሩን በሜዳ ያስቀመጠው ውሻው አይደለም። ቤተሰቡ ሁሉ ክዳን ባለው መጸዳጃ ቤት የሚጠቀም ከሆነና የሕፃናቱም ዓይነ ምድር ወደዚያው የሚጣል ከሆነ ውሻው ይህን ልማድ ሊማርበት የሚችል ስፍራ አያገኝም።

ሁለተኛው ጥሬ የእርድ ተረፈ ነው። በግ፣ ፍየል ወይም ከብት በታረደ ጊዜ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ ይታይ ይሆናል። ሰው ይህን ይጠየፍና ቈርጦ ለውሻ ይወረውራል። ከእባጩ ውስጥ ያለው ፍሬ በውሻው አንጀት ውስጥ ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊሜትር የማያልፍ፣ ከኮሶ ወገን የሆነ ታናሽ ትል ይሆናል። የትሉም እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በሣርና በውኃ ላይ ይበተናል፤ ከውሻውም ጸጕር ላይ ይጣበቃል። ሰው በእጁ ወይም ባልታጠበ ምግብ አማካይነት ይህን እንቁላል የዋጠ እንደ ሆነ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ለብዙ ዓመታት በቀስታ የሚያድግ እባጭ ይይዘዋል፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ካልሆነ በቀር አይወገድም። ስለዚህ የታመመ ሥጋ ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል እንጂ ለውሻ አይሰጥም።

ሦስተኛው የዓሣ አንጀትና በኩሬ ዳር የሚገኝ እንቁራሪት ነው። በእነዚህ ላይ የሚመጣው ጉዳት የጊኒ ትል ስለሆነና ነገሩም ጋምቤላን በተለይ ስለሚመለከት ሰፋ አድርገን እንናገራለን።

የጊኒ ትል አካሄድ

የጊኒ ትል ቀጭን ነጭ ክር የመሰለ ትል ነው። እንስቲቱ እስከ 1 ሜትር ልትረዝም ትችላለች። በቆመ ውኃ ውስጥ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ታናሽ የውኃ ቁንጫ ትኖራለች። ይህች ቁንጫ የትሉን እጭ ትውጣለች። ሰው ውኃውን ሳያጠልል በጠጣ ጊዜ ቁንጫዋም አብራ ትገባለች። ቁንጫዋ በሆድ ውስጥ ትሞታለች፤ እጩ ግን አንጀትን በስቶ ወጥቶ በሰውነት ውስጥ ያድጋል።

አንድ ዓመት ያህል ምንም ምልክት ሳይታይ ይቆያል። ከዚያ በኋላ እንስቲቱ ትል አብዛኛውን ጊዜ ወደ እግር ወርዳ ቆዳውን ታሳብጣለች፤ ያበጠውም እንደ እሳት የሚያቃጥል ውኃ ይቋጥርና ይፈነዳል። በሽተኛው ቃጠሎውን ለማብረድ እግሩን በኩሬ ውስጥ ሲነክር ትሏ በመቶ ሺህ የሚቈጠር እጭ ወደ ውኃው ትረጫለች። ይህንንም የውኃ ቁንጫዎች ይውጡታል፤ ሁለት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ውኃው ለሚቀጥለው ጠጪ የበሽታ ምንጭ ይሆናል።

ለዚህ በሽታ የሚያድን መድኃኒትም ሆነ የሚከላከል ክትባት የለውም። ሕክምናው ቍስሉን በንጽሕና እየያዙ ትሏን በታናሽ እንጨት ወይም በፋሻ ላይ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየጠቀለሉ ማውጣት ብቻ ነው፤ ይህም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። አንድ ጊዜ የታመመ ሰው ደግሞ ሁለተኛ እንዳይታመም የሚጠብቀው ኀይል በሰውነቱ አይፈጠርም። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገበሬው ከእርሻው፣ እናቲቱ ከሥራዋ፣ ተማሪውም ከትምህርቱ ይቀራል።

ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ በየዓመቱ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይይዝ እንደ ነበር ተገምቷል። መንግሥታት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ካርተር ማዕከል ተባብረው ባደረጉት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2024 በመላው ዓለም የተመዘገቡት በሽተኞች 15 ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በቻድና በደቡብ ሱዳን የተገኙ ናቸው። ያለ መድኃኒትና ያለ ክትባት፣ በንጹሕ ውኃ፣ በማጥለያ ጨርቅና በትምህርት ብቻ ይህን ያህል መድረስ ትልቅ ሥራ ነው።

ውሻ በዚህ ነገር የገባበት መንገድ

ለብዙ ዘመን የጊኒ ትልን የሚያዛምተው ሰው ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን በቻድ አገር ትሉ በውሾች ላይ መውጣቱ ተረጋገጠ፤ ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ ከሰው ይልቅ በውሻ ላይ የሚገኘው እጅግ የበለጠ ሆነ። ሊቃውንት የትሉን ዘር ቢመረምሩ በሰው ላይ ከሚገኘው ጋር አንድ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ ትል የወጣበት አንድ ውሻ ወደ ኩሬ ቢገባ የሚያደርሰው ጥፋት አንድ በሽተኛ ሰው ገብቶ ከሚያደርሰው አያንስም።

ውሻ ትሉን ከየት ያገኘዋል? አንዱ መንገድ የኩሬ ውኃ ነው። ሁለተኛው መንገድ አፉ ነው። የውኃ ቁንጫን የበሉ እንቁራሪቶችና ዓሦች እጩን ሳይሞት በሰውነታቸው ሊያቆዩት እንደሚችሉ በምርመራ ታውቋል። ስለዚህ ጥሬ የዓሣ አንጀት ወይም እንቁራሪት የሚበላ ውሻ ውኃውን ባይጠጣ እንኳ ትሉን ሊውጥ ይችላል። በቻድ ሕዝቡ የዓሣ አንጀትን እንዲቀብርና ውሻውን እንዲያስር የተመከረው ስለዚህ ነው።

በአገራችን የጊኒ ትል የመጨረሻ ምሽግ ሆኖ የቆየው የጋምቤላ ክልል፣ በተለይም የአቦቦና የጎግ ወረዳዎች ናቸው። በእነዚህ ወረዳዎች ሰው ለአደን፣ ለዓሣና ለማር ወደ ጫካ በሚሄድበት ጊዜ በየጫካው የተኛውን ኩሬ ይጠጣል፤ ውሻውም ይከተለዋል። ትሉ በዚሁ ክልል ከሰው ሌላ በውሻ፣ በድመትና በዝንጀሮ ላይ ተገኝቷል። ዝንጀሮን ማሰር አይቻልም፤ ውሻንና ድመትን ግን ማሰር ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በአቦቦ ወረዳ 15 ሰዎች በዚህ ትል ተይዘው ነበር፤ እነርሱም ለእርሻ ሥራ የመጡና ንጹሕ ያልሆነ ውኃ የጠጡ ሠራተኞች ነበሩ። በ2018ና በ2019 በኢትዮጵያ በሰው ላይ አንድም አልታየም። ብዙ ሰው «እንግዲህ አለቀ» ብሎ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2020 በ11 ሰዎች ላይ እንደገና ታየ። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ትሉ በሰው ላይ ባይታይ እንኳ በጫካና በመንደር በእንስሳት ላይ ሊቆይ ይችላል። አንድ አገር ከጊኒ ትል ነጻ ወጥቷል ተብሎ የሚመሰከርለትም ቢያንስ ለ3 ተከታታይ ዓመታት ትሉ በሰውም ሆነ በእንስሳት ላይ ሳይተላለፍ ሲቀር ነው።

ልማዱን የማስተው ሥርዓት

ከዚህ በታች የተጻፈው ሥርዓት ለከተማ ውሻም ለገጠር ውሻም ይሠራል። ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት፤ ረኀቡ ሳይጠፋ ትምህርት አይገባምና።

1ኛ. መቀለብ። ውሻው በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት፣ ጠዋትና ማታ፣ በራሱ ሳሕን ምግብ ይሰጠው። ውድ ምግብ አያስፈልግም፤ የበቆሎ ወይም የማሽላ ገንፎ ከማዕድ ትራፊ ጋር ቢደባለቅ ይበቃል። የዓሣ ራስና አንጀት ለውሻ መስጠት የፈለገ ሰው በሚገባ ቀቅሎ ይስጥ፤ የበሰለ እንደ ሆነ እጩ ይሞታል። ንጹሕ ውኃም ከአጠገቡ አይታጣ። ከቧንቧ ወይም ከእጅ ፓምፕ የተቀዳ ውኃ በቤቱ ያገኘ ውሻ ኩሬ የሚፈልግበት ምክንያት ያንሳል።

2ኛ. የሚያስተውን ነገር ማስወገድ። ዓሣ የሚያጸዳ ሰው፣ በባሮ ዳር ቢሆን በቤቱ ደጅ፣ አስቀድሞ ጕድጓድ ይቈፍር፤ አንጀቱንም ውሻ ጭሮ እንዳያወጣው አንድ ክንድ ያህል ቀብሮ አፈሩን ይርገጥ፤ ወይም ያቃጥል። አንጀቱን ወደ ኩሬ መጣልም አይገባም። ይህ አንድ ሥራ ብቻ በሚገባ ቢፈጸም ከትምህርቱ ገሚሱ ተፈጸመ ማለት ነው።

3ኛ. ማሰር። በአቦቦና በጎግ ወረዳዎች ትሉ በታየባቸው መንደሮች ውሾችን አስቀድሞ የማሰር ሥራ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሲካሄድ ቆይቷል። ማሰር ቅጣት መሆን የለበትም። አንገቱን የማያንቅ ሰፊ የቆዳ ወይም የጨርቅ ማሰሪያ ይደረግለት፤ ሸምቀቆ አይሁን። ገመዱ ወደ ጥላው፣ ወደ ውኃውና ወደ መጸዳጃ ስፍራው የሚያደርሰው ይሁን። የጋምቤላ የመጋቢት ፀሐይ ምን እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ስለሆነ ጥላና ውኃ አጥቶ የታሰረ ውሻ ሊሞት ይችላል። ጠዋትና ማታም ባለቤቱ ገመዱን በእጁ ይዞ ያናፍሰው። ልማዱ በገመድ ሳለ ካልተደጋገመ ከቀን ወደ ቀን ይደክማል።

4ኛ. «ተው» የሚለውን ቃል ማስተማር። ቃሉ በአማርኛ፣ በአኙዋክኛ ወይም በኑዌርኛ ሊሆን ይችላል፤ ውሻው የሚለየው ድምፁን ነውና። ነገር ግን ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቃል ይስማማ። ባለቤቱ አንድ ቁራሽ ምግብ በእጁ ጨብጦ ለውሻው ያሳየው። ውሻው ይልሳል፤ በጥፍሩም ይቧጥጣል። ባለቤቱ እጁን ሳይከፍት «ተው» ብሎ ዝም ይበል። ውሻው ሰልችቶ አፉን በመለሰ ቅጽበት በሌላው እጁ ከፊተኛው የሚጣፍጥ ቁራሽ ይስጠው፤ በመልካም ድምፅም ያመስግነው። ይህ ለጥቂት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይደረግ።

ውሻው ይህን በሚገባ ከተማረ በኋላ ምግቡ በመሬት ላይ በእጅ መዳፍ ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ ከዚያም ሳይሸፈን ይቀመጥ። በመጨረሻ ውሻው በገመድ ተይዞ በሩቅ የተቀመጠ ሥጋ ወይም የበሰለ ዓሣ አጠገብ ይለፍ። «ተው» ሲባል ዓይኑን ወደ ባለቤቱ ከመለሰ ዋጋው ወዲያው ይከፈለው። የሚሰጠው ዋጋ ከሚተወው ነገር የሚያንስ ከሆነ ግን ውሻም ቢሆን ሒሳብ ያውቃልና አይታለልም።

5ኛ. አለመምታት። የተመታ ውሻ የሚማረው ርኵስ ነገር አለመብላትን ሳይሆን ባለቤቱ ሳይደርስ ፈጥኖ መዋጥን ወይም ተደብቆ መብላትን ነው። በልቶ ከመጣ በኋላ አፉን ከቆሻሻው ጋር እያሹ መምታትም ከንቱ ነው፤ ውሻው የሚቀጣበትን ምክንያት አያውቅም። እንደዚሁም በሜዳ ባለው ቆሻሻ ላይ በርበሬ መነስነስ ውሻው የተነሰነሰበትን ከንጹሑ እንዲለይ ያስተምረው ይሆናል እንጂ ልማዱን አያስጥለውም።

6ኛ. መታገሥ። ቡችላ በጥቂት ሳምንት ሊማር ይችላል። ለብዙ ዓመት ራሱን ያኖረ ውሻ ግን ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቢማርም በዓሣ ገበያና በኩሬ አጠገብ ብቻውን ሊታመን አይገባም። ትምህርት ገመድን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ብዙ ጊዜ የሚነሡ ክርክሮች

ስለዚህ ነገር በምናስተምርበት ጊዜ የሚቀርቡልን መልሶች አሉ። አንዱ «ዶክተር፣ እኛ ራሳችን ጠግበን ሳንበላ ለውሻ ከየት እናመጣለን?» ይላል። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነውና በንቀት አይታለፍም። ነገር ግን ውሻ መቀለብ የማይቻል ከሆነ የውሾቹን ቍጥር መቀነስ ይቻላል። አራት ውሻ አስርቦ ከመያዝ አንድ ቀልቦ መያዝ ለቤትም ለመንደርም ይጠቅማል። ከዚህም ሌላ አንድ ገበሬ በእግሩ ላይ ትል ወጥቶበት ከእርሻው የሚቀርባቸው ሳምንታት ዋጋቸው ከጥቂት እፍኝ ዱቄት እጅግ ይበልጣል።

ሌላው «የታሰረ ውሻ ቤት አይጠብቅም፤ አደንም አይወጣም» ይላል። የታሰረ ውሻ ግን ድምፁ አልታሰረም፤ በሌሊት የሚመጣውን ከማንም በፊት ይሰማል። ለአደን የሚወጣም ከሆነ ትሉ ባልታየበት ስፍራ ከመውጣቱ በፊት በልቶና ጠጥቶ፣ በገመድ ተይዞ ይሂድ፤ ባለቤቱም ንጹሕ ውኃ ለራሱና ለውሻው ይያዝ። ትሉ በታየባቸው መንደሮች ግን የጤና ሠራተኛው ሳይፈቅድ መፍታት አይገባም።

ሦስተኛው የከተማ ሰው ነው። «ይህ የጎግና የአቦቦ ነገር ነው፤ እኛ በጋምቤላ ከተማ የቧንቧ ውኃ እንጠጣለን» ይላል። ነገር ግን የከተማው ሰው ለዘመድ ጥየቃ፣ ለሥራና ለንግድ ወደነዚያ ወረዳዎች ይመላለሳል፤ ውሻና ቡችላም ከስፍራ ወደ ስፍራ ይሰጣል። ትሉ ደግሞ አንድ ዓመት ያህል ሳይታይ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ዛሬ ጤነኛ የመሰለው ውሻ ከርሞ ምን እንደሚያወጣ በዓይን አይታወቅም።

ትል በውሻ ላይ የታየ እንደ ሆነ

ውሻ እግሩን ደጋግሞ ቢልስ፣ ቢያነክስ፣ በእግሩ ወይም በሌላ አካሉ ላይ እብጠት ወይም ውኃ የቋጠረ ቍስል ቢታይበት፣ ከቍስሉም ነጭ ክር የመሰለ ነገር ብቅ ቢል፣ ባለቤቱ የሚከተለውን ያድርግ።

ውሻውን ወዲያው ከውኃ ርቆ በደረቅ ስፍራ ይሰር። ትሏን በእጁ አይጐትት፤ ብትበጠስ ቍስሉ ይመረቅዛልና። ውሻውን አይግደል፤ ሬሳውንም ወደ ውኃ አይጣል። በዚያው ቀን ለመንደሩ የጤና በጎ ፈቃደኛ ወይም ለጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይንገር። ለሚያመለክት ሰው ሽልማት አለ፤ ውሻውን ደብቆ ማቆየት ግን መንደርን ሁሉ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የጤና ሠራተኞች ትሏን በሙሉ እስኪያወጡ ድረስ ውሻው ታስሮ ይቀለባል። ውሻው የገባበት ኩሬ ካለም ይነገር፤ የውኃ ቁንጫን የሚገድል ቴሜፎስ የተባለ መድኃኒት በልክ ይጨመርበታል።

ለመምህራን

መምህር በዚህ ሥራ ያለው ስፍራ ከፍተኛ ነው። በብዙ ቤት ውሻውን የሚያበላው፣ የሚያጫውተውና ወደ ወንዝ ይዞት የሚወርደው ተማሪው ልጅ ነውና። አባት ያልሰማውን ምክር ልጅ ከትምህርት ቤት ይዞለት ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ ጠይቁ፤ መልሱንም ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፈልጉት።

ሀ. በቤታችሁ ያለው ውሻ ትናንት ምን በላ? ማን ሰጠው? ያልተሰጠውንስ ከየት አገኘ?

ለ. በሰፈራችሁ ዓሣ የሚጸዳበት ስፍራ የት ነው? አንጀቱ ወዴት ይጣላል? ለመቅበሪያ የሚሆን ጕድጓድ ማን ሊቈፍር ይችላል?

ሐ. ትል የወጣበት ውሻ ወደ ኩሬ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሰው እስኪታመም ድረስ ያለውን መንገድ በሥዕል አሳዩ። ሰንሰለቱ በየትኛው ቀለበት ላይ ሊበጠስ ይችላል?

መ. ውሻን መምታት ከክፉ ልማድ የማያስተወው ስለ ምንድር ነው?

ተማሪው ሦስተኛውን ጥያቄ በሚገባ ከመለሰ የዚህን ትምህርት ፍሬ ነገር አግኝቷል። ሰንሰለቱ ብዙ ቀለበት አለው፤ ኩሬውን በአንድ ቀን ማድረቅ፣ ዝንጀሮውንም ከጫካ ማሳደድ አይቻለንም። በእጃችን ያለው ቀለበት ግን ከደጃችን የተኛው ውሻ ነው። ዛሬ ማታ ይብላ፤ ንጹሕ ውኃ ይጠጣ፤ ገመዱም ይታይ። የዓሣውም አንጀት ሳይመሽ ይቀበር።